የእትዬ በለጡ ማገጥ

ካባ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ይለበሳል፤ ሙሽራ ያሳምራል፣ ቄስ ያስከብራል። ሁለተኛው ይቆፈራል፤ ድንጋዩ ወጥቶ መንገድ ይሆናል፣ መንገዱ ይመረቃል፣ ይጨበጨባል። ጉድጓዱ ግን እዚያው ይቀራል። መቼም እናንተ አስፋልት ላይ ስትሄዱ «ይህ ድንጋይ ከማን ደጅ ተፈልጦ ይሆን?» ብላችሁ አታውቁም። አልፈርድባችሁም። እኔም ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ አንድ ገበሬ ማኅበር የግብርና ሠራተኛ ሆኜ እስክመደብ ድረስ ብዬ አላውቅም ነበር።

ዘመኑ ሰው ሁሉ «ጓድ» የሚባልበት ነው። እኔ ደግሞ ዲፕሎማዬ ጢሜን የቀደመ ጎረምሳ ነበርኩ። መንገድ ሠሪዎች ድንጋዩን አውጥተው ጥለውት የሄዱት ካባ መንደሩ ግጦሽ መካከል አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። እኔ ከመድረሴ በፊት የእትዬ በለጡን ላም በልቷል። እትዬ በለጡ የደብሩ ቄስ የነበሩት ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ላሚቱ ገደል ገብታ ስትሰበር የቀረቻቸው አንዲት ጊደር ብቻ ነበረች።

ከአውራጃ ትእዛዝ መጣ፤ ካባው በተሻሻለ የመኖ ሣር ይልማ። ከባሕር ማዶ የመጣ ዘርም በጆንያ ተላከልኝ። ጆንያው ላይ የተጻፈውን የፈረንጅ ቋንቋ ከእኔ በቀር የሚያነበው አልነበረምና በአንድ ጀምበር ትልቅ ሰው ሆንኩ። ማኅበርተኛውን አስወጥቼ አፈር አስደለደልኩ፣ ዘራሁ፣ አጠርኩ፣ «መግባት ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩ።

እትዬ በለጡ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይኼ ሣር ውርጭ ያውቃል?» አሉኝ።

«የተሻሻለ ነው፣ እትዬ።»

«ይሁን። የኛ ውርጭ ግን አልተሻሻለም።»

ሣሩ በቀለ። አማረ። ደስ ብሎኝ ሪፖርት ጻፍኩ። ከዚያ ጥቅምት ገባ፤ አንድ ጠዋት ሄጄ ባይ፣ ሣሩ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተዘርሯል። የጠወለገው ሣሩ ነው እንጂ ሪፖርቱ አይደለም፤ እሱ አውራጃ ደርሶ ሲመሰገን ከረመ። እኔም እርማት አልጻፍኩም።

በተከታዩ ሰኔ የማኅበሩ ጥበቃ እትዬ በለጡን ካባው ውስጥ ያዛቸው። በእጃቸው ዶማ፣ በቅርጫታቸው የሰርዶ ሥርና ከድርቆሽ ክምር ሥር የተጠረገ ብናኝ ተገኘ። ለካ ብናኙ ማገጥ የሚባለው፣ ከብት የሚወደው የደጋ ሣር ዘር የሞላበት ኖሯል። ክሱ ግን «በመንግሥት መሬት ላይ አረም በመዝራት አሻጥር» የሚል ሆነ። ዛሬ ልትስቁ ትችላላችሁ። ያኔ «አሻጥር» የተባለበት ሰው እጁን ታስሮ ወደ ከተማ ይወሰድ ነበር፤ መመለሱንም እግዜር ነው የሚያውቀው።

ማኅበሩ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ጓድ ሽፈራው ምርመራውን ጀመረ።

«እዚያ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ጉድጓዱ ላሜን በልቷል። ጊደሬን እንዳይደግመኝ ላለብሰው ነው።»

«መንግሥት የላከው ሣር እያለ?»

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው ግን ጠፋ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ ባለሙያ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

ሣሩ ሞቷል ብል ሪፖርቴ ይከሰኛል። ዝም ብል ሴትዮዋ ይታሰራሉ። ጀግና ነበርኩ ብዬ ብዋሻችሁ ደስ ባለኝ፤ ላብ አጠመቀኝ እንጂ። በመጨረሻ፣ «በእኔ ፈቃድ ነው የገቡት። ሙከራ ላይ ነን» አልኩ።

ተለቀቁ። መንገድ ላይ ጠብቀውኝ፣ «ፈቃዱን መቼ ነው የሰጠኸኝ?» አሉ።

«አሁን።»

«እንግዲያ ፈቃጅ ከሆንክ፣ ነገ ፍግ ትሸከማለህ።»

ተሸከምኩ። ክረምቱን ሙሉ። ኮሌጅ ያላስተማሩኝን ጀርባዬ ተማረ፤ ሰርዶው አፈሩን እንዴት ጨብጦ እንደሚይዝ፣ ማገጡም ውርጩ ሳይደርስበት ዘሩን ጥሎ እንደሚቀድም። በሁለተኛው መስከረም ካባው ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ የማገጥ አበባ ሆነ።

ይኼኔ የአውራጃው ጓድ ሊጎበኝ መጣ። አይቶ ተደነቀ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። እኔም የልቤን ሸክም የማወርድበት ቀን ዛሬ ነው ብዬ፣ «ጓድ፣ የላካችሁት ሣር ሞቷል። ይህን ያበቀሉት እትዬ በለጡ ናቸው» አልኩ፣ በሕዝብ ፊት።

 ጓዱ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «አያችሁ? ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰፊውን ሕዝብ ያስቀድማል! አብዮታዊ ትሕትና ማለት ይህ ነው!» አለ። ተጨበጨበ። በወሩ በስሜ የምስክር ወረቀት መጣ።

አፍሬ ወረቀቱን ይዤ እትዬ በለጡ ቤት ሄድኩ። «የእርስዎ ነው» አልኳቸው። አስነበቡኝ። አነበብኩላቸው። በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉትና፣ «ወፍራም ነው፣ ደግ ወረቀት ነው» ብለው የእርጎውን ማሰሮ አፍ ከደኑበት። ጊደሪቱ ወልዳ ነበር።

ከዚያ ሌላ የእርጎ ማሰሮ አወረዱና በዋንጫ ቀድተው ሰጡኝ። ምን ይባላል? ጠጣሁ።