ፊደልን ከማዶ

ልጅ በስንት ዓመቷ ስንት ፊደል ማወቅ አለባት? እኔ አላውቅም። የምታውቁ ካላችሁ በእግዜር ንገሩኝ፤ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የየራሱን እየነገረ ግራ አጋብቶኛል። በሬዲዮ የሚናገሩት ባለሙያ «ልጅ በጨዋታ ይደግ፣ ፊደሉ ይደርሳል» ይላሉ። ተራራው ላይ፣ ሳንቃ በር፣ የዱር እንስሳቱን ፓርክ የሚጠብቀው ጎረቤቴ ደግሞ፣ ወደ ከተማችን ደባርቅ በወረደ ቁጥር ልጁን መሀል ግቢ አቁሞ ከሀ እስከ ፐ ያስወርደዋል። ትንፋሽ የሚያጥረው ልጁ ነው፤ የሚያልበው እኔን።

በእኛ ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ከእሳት ከራቀና እንግዳ ሲመጣ ጉልበት ከሳመ በቃ፣ ጨዋ ነው ይባል ነበር። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ለመግባት ፈተና አለ። ፊደል ለመማር ፊደል ማወቅ ያስፈልጋል ማለት ነው። ገላህን ታጥበህ ና፣ ከዚያ እናጥብሃለን እንደ ማለት ነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገር? ወንበሩ ጥቂት፣ ወላጁ ብዙ። ያን ዓመት ወንበር ያመለጠው ልጅ ለከርሞ ይጠብቃል።

እኔ ግን አልሰጋሁም ነበር። ልጄ ማስተዋል ክረምቱን የከረመችው ዳባት፣ አባቴ ዘንድ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ የስንቱን ሰው ልጅ ፊደል አስቆጥረዋል። በስልክ «ያዘች ወይ?» ብላቸው፣ ረጋ ብለው «ኧረ ልጄ፣ አንተንም ታስተምርሃለች» አሉኝ። እንደ ምርቃት ቆጥሬ አሜን አልኩ።

የፈተናው ዕለት ርዕሰ መምህሩ ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠዋል፤ እኔና ማስተዋል ከወዲህ። የፊደል ገበታውን ወደሷ አቃንተው ገፉላትና በእስክሪብቷቸው ጫፍ «መ»ን ነኩ።

«ይቺ ማን ናት፣ የኔ ልጅ?»

ዝም። «ሰ»ን ነኩ። ዝም። «ቀ»ን ነኩ። ልጄ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ሰበረች፣ ከዚያም ወደ ሌላው። አፈርኩ። ቀጥሎ በአባቴ ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ በቄስ አባቴ በመናደዴ አፈርኩ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ ለከርሞ ታመጣታለህ» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ፤ ቅጹን ሳብ አድርገውም መጻፍ ጀመሩ።

ይሄኔ ማስተዋል ጠረጴዛው ላይ ተንጠራርታ፣ እስክሪብቶውን በዓይኗ እየተከተለች፣ በአያቷ ዜማ «ፊ… ደ… ል… አ… ታ… ው… ቅ… ም» አለች።

እስክሪብቶው ቆመ። ሰውዬው ቅጹን አዙረው ወደሷ አቀኑላት። ዝም። መልሰው ወደ ራሳቸው አዞሩት። አነበበች። እኔም ገበታውን ብድግ አድርጌ ዘቅዝቄ ሰጠኋት፤ ከሀ እስከ ፐ አወረደችው።

ለካ የአባቴ ዓይን ደክሟል። ገበታውን ወደ ራሳቸው አዙረው ጭናቸው ላይ ያደርጉና፣ እሷን ከፊታቸው በርጩማ ላይ አስቀምጠው በስንደዶ እየነኩ ያስቆጥሯታል። ልጄ ክረምቱን ሙሉ ፊደልን ያየችው ከማዶ ነው። ፊደል ማለት ለእሷ እንዲያ ነው፤ የተዘቀዘቁት እኛ ነን።

ታዲያ ታውቃለች ይባላል ወይስ አታውቅም? እኔ ርዕሰ መምህሩን አየኋቸው፤ እሳቸውም እኔን አዩኝ።

«አታውቅም እንዳልል የጻፍኩትን አነበበችብኝ» አሉ ራሳቸውን እያከኩ። «ታውቃለች እንዳልል ገበታው አልሆነላትም። ምን ይሻላል?»

እኔ ምን አውቄ! እሳቸው የጻፉትን ሰረዙ፣ አሰቡ፣ ከሥሩ ሌላ ጫሩ። አንገቴን አሰገግሁ። ከእኔ በኩል ግን ጽሑፉ ተገልብጧል፤ ፍርሃቱ ተጨምሮበት ባፈጥበት ባፈጥበት የሸረሪት እግር ሆነብኝ። ዲግሪዬ እቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምንም አልረዳኝም።

«ማስቴ፣ ምን ብለው ጻፉ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ት… ግ… ባ።»

እፎይ ብዬ ሳልጨርስ፣ ቀና ብላ በሐዘኔታ አየችኝ።

«አባዬ፣ አንተ ፊደል አታውቅም እንዴ?»