ልዑል ዛልቴሪዮን የሚሞቱበት ሳምንት

ክፉ ልዑል ሆኖ ለሰው ፊቱን ሰጥቶ የሚናገር እስካሁን አልተወለደም። ሠራዊቱ ከኋላው ተሰልፎ ሲንቀጠቀጥ እሱ በመስኮት ከዋክብት ያያል። ንግግሩን ሲጨርስ ብቻ፣ ያውም በግማሽ ፊቱ፣ ዞር ይላል። እኔ ለቴሌቪዥን የካርቱን ፊልም ድርሰት በመጻፍ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት፤ አሥራ አንድ ክፉ ልዑሎች ጽፌያለሁ። አሥራ አንዱም መስኮት ይወዱ ነበር። የአሥራ አንዱም ፀጉር እስከ ወገባቸው ይወርድ ነበር። ጋላክሲ ሲያቃጥሉ የሚውሉ ሰዎች መቼ እንደሚያበጥሩት እኔም አላውቅም።

ከሁሉም ከልቤ ያልወጡት ልዑል ዛልቴሪዮን ናቸው፤ የሰባቱ ፀሐዮች ጌታ፣ የጨረቃዎች ሁሉ አስገባሪ፣ የገዛ አባታቸውን ዙፋን ሲመኙ የሚያድሩ። አንቱ የምላቸው ፈርቻቸው አይደለም። በዚያ ቶፉ ከሚባለው የአኩሪ አተር አይብ መሸጫ በላይ ባለው ጠባብ ስቱዲዮአችን ውስጥ እሳቸውን አንተ ብሎ የጠራ ሰው፣ ሥዕሎቹን ቀለም ከሚቀቡት ሴቶች እጅ ትኩስ ሻይ አያገኝም ነበር።

ልዑልነታቸው ካባ ነበራቸው። ካባው ይውለበለባል። መንኮራኩሩ ድፍን ነው፣ ውጭው ባዶ ጠፈር ነው፣ ነፋስ የሚባል የለም፤ ካባው ግን ይውለበለባል። አንድ ቀን ዳይሬክተሩን «ይህ ነፋስ ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ ብጠይቀው፣ አሳንሶ አየኝና «ልዑል ናቸዋ!» አለኝ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ሠላሳ ሺህ የጦር መንኮራኩር ነበራቸው። ጠላታቸው ደግሞ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅና አንድ ብረት ለበስ ግዙፍ ሮቦት ነው። ታዲያ በየሳምንቱ ዓርብ አንድ መንኮራኩር ይልካሉ። አንድ! ጄኔራላቸው «ልዑል ሆይ፣ ሁሉንም በአንዴ ብንልካቸውስ?» ሲል፣ ቀዩን መጠጥ በብርጭቆ እያሽከረከሩ «ያ ምን ጨዋታ አለው?» ይላሉ። መጠጡን ሲውጡት ግን አንድም ቀን አልታየም።

ልጁን ማርከው ካሰሩትም በኋላ አይገድሉትም። ያስረዱታል። ዕቅዳቸውን ከመነሻው እስከ መድረሻው፣ የትኛዋን ፕላኔት መቼ እንደሚያፈነዱ፣ ማጥፊያው ቁልፍ የት እንደሆነ ሳይቀር፣ ልክ እንደ ደግ መምህር ያስረዱታል። ልጁ በዚህ መሃል ገመዱን ይበጥሳል። መንኮራኩሩ ይፈነዳል። እሳቸው ከእሳቱ ውስጥ ፀጉራቸው ሳይነካ ወጥተው «ለዛሬ ተዝናንቻለሁ!» ብለው ይሄዳሉ።

እኒህን ሰው ታውቋቸዋላችሁ። የሚስቴ ወንድም ሾጊ በሚባለው የአገራችን ቼዝ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ተሸንፎ ሰሌዳውን ሲያጥፍ «ላለማምድህ ብዬ ነው» ይለኛል። የጎረቤቴ አለቃ ሹመቱ ሲቀርበት «እኔው ነኝ ይቅርብኝ ያልኩት» ብሎ በባቡር ጣቢያው ውስጥ ደረቱን ነፍቶ ይራመድ ነበር። ሸምግዬ ሳስበው፣ ሰው የተባለ ሁሉ ሽንፈቱን የሚያለብሰው አንድ ጨርቅ ያስፈልገዋል። ልዩነቱ የእኛ አይውለበለብም።

የልዑሉ ድምፅ ኩሱሞቶ የሚባል እኩያዬ ነበር። ቁመቱ አጭር፣ አናቱ ራሰ በራ፣ ለበር እንኳ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳ ሰው። ከዛልቴሪዮን በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሠራው የሚወድቅ ወታደር፣ የሚጮኽ ውሻና ከሩቅ «እሳት! እሳት!» የሚል ሕዝብ ነው። ለቀረጻ ሲመጣ ክራባት ያስራል።

«ድምፅህን ብቻ ነው የምንወስደው። ማን ያይሃል?» ስለው፣

«እሳቸው ያዩኛል፣ መምህር» ይለኛል። በእኛ አገር ደራሲ መምህር ይባላል።

ከዕለታት አንድ ቀን የፕሮግራሙ ኃላፊ አቶ ኦኑማ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረጃውን ወጣ። ስፖንሰር ያደረገን የመጫወቻ ፋብሪካ ቅሬታ ነበረው። የልዑሉ አሻንጉሊት ፀጉሩ ቶሎ ይሰበራል፣ ልጆች የሚፈልጉት ባለ ሦስት ራስ አውሬ ነው።

«መምህር፣ በሃያ አምስተኛው ክፍል ይሙቱ» አለኝ።

«እንዴት ይሙቱ?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። ብቻ እንዳይመለሱ አድርገው ይግደሉልኝ።»

የታዘዝኩትን ሠራሁ። በሰይፍ አስወጋኋቸው። ቤተ መንግሥታቸውን አቃጠልኩባቸው። ከሚነደው ሰገነት ላይ ወደ ሟች ኮከብ ጣልኳቸው። ኮከቡንም አፈነዳሁት። የመጨረሻ ቃላቸው «ዙፋኔ…» የሚል ነው፤ ሦስት ሰከንድ።

ኩሱሞቶ ድርሰቱን ይዞ ኑድል ስበላ አገኘኝ። ቆሞ ቀረ።

«ቁጭ በል እንጂ።»

«አንድ ቃል ብቻ ነው የሰጡኝ፣ መምህር።»

«የሚሞት ሰው ምን ያወራል?»

«እሳቸው? ሰው አስረው ዕቅድ የሚያብራሩት? እሳቸው በአንድ ቃል ይሞታሉ?»

 ሾርባዬን አማሰልኩ። «ለቀጣዩስ ምን ሰጡህ?» አልኩት።

«አውሬውን። ከሦስቱ ራሶች የግራውን።» ድርሰቱን አጠፈና «አይናገርም። ያገሳል» አለ።

ስቄ ነበር። እሱ አልሳቀም።

«እናቴ ገጠር ነው ያለችው። አሥራ ስምንት ዓመት ልጄን በቴሌቪዥን ሰማሁት ያለችው ስሞት ብቻ ነው። ‹ዛሬ የጮኸው አንተ ነህ?› ብላ ትደውልልኛለች። አሁን ዓርብ ዓርብ ጎረቤት ሰብስባ ‹ዝም በሉ፣ ልጄ ሊናገር ነው› ትላለች። እና አሁን ምን ልበላት?»

ኑድሌን ገፋ አደረግኩ። ድርሰቱ ተፈርሞበት ወጥቷል።

የእኛን ሥራ ለማያውቅ አንድ ነገር ልንገር። ሥዕሉ ለቀረጻው ቀን ደርሶ አያውቅም። ስለዚህ ተናጋሪዎቹ የሚያዩት ነጭ ስክሪን ላይ የሚታዩ ባለ ቀለም መስመሮችን ነው። ሰማያዊው ልጁ ነው፣ አረንጓዴው ጄኔራሉ፣ ቀዩ ልዑሉ። መስመርህ ሲመጣ ትናገራለህ፣ ሲጠፋ ዝም ትላለህ። ሠዓሊዎቹም በዚያው መስመር ልክ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሥላሉ። መስመር ላይ ዝም ማለት ነውር ነው። ሌላው ቀርቶ የሞተ ሰው እንኳ መስመሩ ካለ ይናገራል።

መስመሮቹን የምታሰምረው ወይዘሮ ሺዙኖ ናት። አንገቷ ላይ የሩጫ ሰዓት አንጠልጥላ ሃያ ዓመት ሠርታለች፤ በግማሽ ሰከንድ ተሳስታ አታውቅም። ልዑሉን «ያ ሥራ ፈት» ነበር የምትለው። ደብዳቤ ከሚጽፉላቸው ልጃገረዶች ጋርም በሐሳብ ትጣላ ነበር። «አግብተውት ቢያዩት! ቀኑን ሙሉ መስኮት ስር!»

በቀረጻው ጠዋት በጠረጴዛዋ በኩል ሳልፍ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው የመጨረሻው ትዕይንት ወረቀት ተዘርግቶ አየሁ። ቀዩ መስመር ሦስት ሰከንዱ ላይ አልቆመም። ወርዶ ወርዶ፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ ወርዷል። ግማሽ ደቂቃ ይሆናል።

ቀና ብዬ አየኋት። እርሳስ ትቀርጻለች።

«ሻይ ልቅዳልዎ፣ መምህር?» አለች፣ ዓይኗን ከእርሳሷ ሳታነሳ።

አንድ ቃል ብናገር በላጲስ የሚጠፋ ነገር ነበር።

«ይቅዱልኝ» አልኳት።

ኩሱሞቶ ክራባቱን አጥብቆ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመ።  ሰይፉ ተሰነዘረ፣ ኮከቡም ፈነዳ፣ ቀዩ መስመር መጣ። «ዙፋኔ…» አለ፤ እንዲህ ያለ አሳዛኝ ድምፅ ከዚያ አጭር ሰው ወጥቶ አያውቅም። ሦስት ሰከንዱ አለቀ። መስመሩ አለ። ከጎኑ የቆሙት ተናጋሪዎች ተያዩ። ኩሱሞቶ ወረቀቱን አየ፤ ባዶ ነው። ስክሪኑን አየ፤ ቀይ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የተማረው ሕግ አንድ ነው።

«…ዙፋኔ ይቆይ» አለ። ተነፈሰ። «ማነው እዚያ? አንተ ነህ፣ ጄኔራል? ታለቅሳለህ እንዴ? ተው፣ ለእኔ የሚለቀስልኝ ንግግሬን ስጨርስ ነው፤ እኔ ደግሞ ንግግሬን ገና አልጀመርኩም። አንድ ኮከብ ፈነዳ ብሎ የሚሞት ልዑል አይተሃል? ሌላ ኮከብ ላይ እንገናኛለን። ካባዬን ያዝልኝ፤ እንዳይቃጠል።» ከዚያ ሳቀ። ያን የታወቀውን የልዑሉን ሳቅ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ቀዩ መስመር ጠፋ።

ከቀረጻ ክፍሉ መስተዋት ወዲያ አቶ ኦኑማ ከወንበሩ ተስፈንጥሯል።

«ሞተዋል አይደል እንዴ? ምን ያስቀባጥራቸዋል?»

«መስመር አለ፤ መስመር ካለ አፍ አለ» አለ ዳይሬክተሩ።

«ድገሙት!»

«ሥዕሉ በዚህ ልክ እየተሣለ ነው፣ ስርጭቱ ከነገ ወዲያ ነው። ማን ነው የሚደግመው?»

ወይዘሮ ሺዙኖ ተነሥታ ወገቧ እስኪታጠፍ ጎንበስ አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓይኔ ደክሟል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ያን ያህል ዝቅ ብላ ይቅርታ የጠየቀችን ሰው መቆጣት አይቻልም። አቶ ኦኑማ ወደ እኔ ዞረ።

«እርስዎ አላዩትም፣ መምህር?»

«መስመር አይደለም ሥራዬ። ቃል ነው» አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

«እንግዲያው ቃልዎን ያምጡ! እንገናኛለን ብለው ከሳቁ መመለሳቸው ነው። የተወጋ፣ የነደደ፣ የወደቀና የፈነዳ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት እንዴት ብሎ ነው የሚመጣው? ምክንያት ይፈለግ!»

ያን ከሰዓት ምክንያት ስፈልግ ዋልኩ። መንታ ወንድም ጻፍኩ፤ ቀደድኩት። አስመሳይ ሮቦት ጻፍኩ፤ ቀደድኩት። እንደ እውነቱ ከሆነ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ፍልስፍና ተምሬ ለአንዳችን መኖር እንኳ አጥጋቢ ምክንያት አላገኘሁም። ለእሳቸው ከየት ላምጣ? የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያለ እሳቸው ዓርብ ሊመጣ ነው። በገጠር አንዲት አሮጊት ጎረቤቶቿን ዝም አሰኝታ የግራ ራስ ሲያገሳ ትሰማለች።

ንጹሕ ወረቀት ሳብኩና ሃያ ስድስተኛውን ክፍል እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

«በሩ ይከፈታል። ልዑል ዛልቴሪዮን ይገባሉ። ጄኔራሉ እንዴት እንደተረፉ ለመጠየቅ አፉን ይከፍታል። ልዑሉ ያዩታል። ጄኔራሉ አፉን ይዘጋል።»