ሳያነቡ «አሜን» የሚሉ

ሳያነብ አስተያየት የሚጽፍ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንዲህ ዓይነቱን ሳይ ደሜ ይፈላል። ብሎጌ ላይ «ጀሞ ኮንዶሚኒየም የአንዱ ሕንፃ የደረጃ መደገፊያ ተነቅሏል፤ ተጠንቀቁ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «አንደኛ ነኝ!»፣ «አሜን!»፣ «ተባረክ!» ተግተለተለ። ምኑ ነው አሜን የሚያሰኘው? ሳምንቱን ሙሉ ለእያንዳንዳቸው ተግሣጽ ስጽፍ ሰነበትኩ።

ልጄ ስልኬን አየችና፣ «አባዬ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ አንብባ ነው የጠየቀችህ» አለችኝ። «ጋሼ፣ የትኛው ሕንፃ ነው? እናቴ እዚያ ግቢ ነው የምትኖረው» ይላል አስተያየቷ። ሰኞ የጻፈችው ነው፤ እኔ ግን ሳላነብ እሷንም ገሥጬያታለሁ። ደንግጬ የሕንፃውን ቁጥር ጻፍኩላት።

«አመሰግናለሁ ጋሼ። እናቴ ማክሰኞ ከዚያው ደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰብሯል» ስትል መለሰችልኝ።

ወዲያው ከሥሯ አንዱ «አሜን!» አለ። እሱን የምቆጣበት አፍ አልነበረኝም።