የዳልቻ ሽኝት

ተረት ተረት። የላም በረት በሉኝና ልቀጥል፤ በረቱ ግን የላም ሳይሆን የአህያ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ዱር ውስጥ ዳልቻ የሚባል አህያ ነበር። ሥራው ለአያ አንበሶ ግቢ ከወንዝ ውሃ ማመላለስ ነበር። ጧት ይወርዳል፣ በጀርባው ጭኖ ይወጣል፣ ማታ ገለባውን በልቶ ይተኛል። ገለባው አይጣፍጥም፤ ግን ቀርቶ አያውቅም። ከገለባው የሚበልጥ ጥቅምም ነበረው፤ የግቢውን ሠራተኛ ጅብ አይነካም። ይህን የደነገገው አያ አንበሶ ራሱ ስለሆነ፣ አያ ጅቦ ዳልቻን መንገድ ላይ ሲያገኘው የቤተሰቡን ደህንነት ጠይቆ ያልፍ ነበር።

አንድ ቀን እመት ጦጢት ወንዝ ዳር ጠብቃ አገኘችው።

«ዳልቻ፣ እስከ መቼ ነው የምትሸከመው?» አለችው።

«እስካለሁ ድረስ ነዋ።»

«አየህ፣ ችግርህ እሱ ነው! ስማኝ፤ ቀርከሃ ሰንጥቀን እናያይዝና ውሃው ከምንጩ እስከ ዱሩ መሀል በራሱ እንዲወርድ እናደርጋለን። አውሬው ሁሉ ይጠጣል፤ የጠጣ ሁሉ ሣር ያዋጣል። አንተ ቀርከሃውን ታጓጉዛለህ፣ እኔ ሐሳቡን አመጣለሁ። ትርፉ እኩል ለእኩል።»

«ቀርከሃው የት አለ?»

«ገና አልተቆረጠም።»

«ምንጩስ?»

«እየተፈለገ ነው። ዋናው ራእዩ ነው።»

ዳልቻ ሳቀባት። ዳገቱን ሲወጣ ግን ሸክሙ ከወትሮው ከበደው። በዕድሜው ሙሉ «ና ተጫን» እንጂ «ና አብረን እንሥራ» ያለው አልነበረም፤ ነገሩ ሳያስበው ደስ አሰኘው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ልብ ሆነ። ጀርባውን ሲበላው ልሂድ ይላል፣ ገለባው ሲቀርብለት ልቅር ይላል። ጅቡ ትዝ ሲለው ደግሞ ጭራሽ ያሰበውን ሁሉ ይረሳዋል።

«ከራስ ምክር የሰው ምክር» አለና ወይዘሮ ፍየልን አማከራት። ወይዘሮ ፍየል የግቢው ሠራተኞች እድር ሰብሳቢ ናት። ምሥጢር ትጠብቃለች ይባላል፤ እንዲህ ያለችው ራሷ ናት።

«እሜቴ፣ ሥራዬን ልልቀቅ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ገና አልወሰንኩም። አደራ፣ ለማንም እንዳይናገሩ።»

«ከአፌ አይወጣም፣ ልጄ» አለች ፍየሊቱ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

እውነትም ለማንም አልተናገረችም። የተናገረችው ለእድሩ ብቻ ነው።

በዚያ ግቢ የቆየ ልማድ አለ። እድሩ የሞተውን ይቀብራል፣ የሚለቀውን ይሸኛል። የሚያስበውን ምን እንደሚያደርግ ግን ደንቡ አይናገርም። ስለዚህ አባላቱ ተሰበሰቡ፤ መዋጮ አዋጡ፤ ገብስ ቆሉ። ዳልቻ በማግስቱ ውሃውን ጭኖ ሲመለስ ግቢው ቄጤማ ተጎዝጉዞበት፣ አውሬው ሁሉ ቆሞ እያጨበጨበ ጠበቀው።

«ኧረ እኔ ገና...» አለ ዳልቻ።

«ተው እንግዲህ፣ ትሕትና አታብዛ!» አሉት።

ንግግሩ ቀጠለ። ታታሪነቱ ተነገረ፤ በግ አለቀሰች። ሲያናፋ ድምፁ ልብ ይነካ እንደነበር ሦስት ሽማግሌዎች መሰከሩ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ማናፋቱ የሚቀርበው ስሞታ ብቻ ነበር። የገለባው አለመቋረጥና ከጅብ መጠበቁ ተዘርዝሮ፣ ይህን ሁሉ ጥሎ የሚሄድ ጀግና እንደማይገኝ ተወራ። አያ አንበሶም ተነሥቶ «ግቢዬ እንዲህ ያለ ደፋር ማፍራቱ ያኮራኛል» አለ። በመጨረሻ ጀርባውን ባለ ጥልፍ ግላስ አለበሱት።

ዳልቻ አፉን ከፈተ። «አልሄድም» ማለት አንድ ቃል ነው። ግን ገብሱ ተበልቷል፣ በጓ አልቅሳለች፣ ጌታው ተናግሯል። አሁን እቀራለሁ ቢል ምን ይሉታል? ይሉኝታ የያዘው አህያ ሌላ ጭነት አያስፈልገውም።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ በጸሎታችሁ አስቡኝ» አለ። በዚሁ ከሥራው ለቀቀ።

ከተጋበዙት መካከል እመት ጦጢትም ነበረች። ጥግ ይዛ ገብሷን እየቆረጠመች ንግግሩን ሁሉ አንድ ሳታስቀር አዳመጠች።

ዳልቻ የመጨረሻ ሌሊቱን በግቢው አድሮ፣ በማግስቱ ቀርከሃ የሚበቅልበት ኮረብታ ላይ ሆኖ ጠበቃት። ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች፤ ጦጢት ግን የለችም። ቢጨንቀው ወደ ግቢው ሄደ። በሩ ላይ አገኛት፤ የቆመችው ግን ከውስጥ በኩል ነው።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የውሃ ኃላፊ ሆኜ ተቀጠርኩ።»

«አንቺ አንድ ቅል ውሃ መሸከም አትችዪም!»

«ኃላፊ ነኝ አልኩህ እንጂ ተሸካሚ ነኝ መቼ አልኩህ? አትቀየመኝ፣ ዳልቻ። ሥራው እንዲህ ያለ መሆኑን የሰማሁት ትናንት ነው። አንተ መቼ ነግረኸኝ ታውቃለህ?»

«የቀርከሃውስ ነገር?»

«እሱን ትቼልሃለሁ። ከእንግዲህ እኩል የሚባል ነገር የለም፤ ራእዩ ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው።»

ዳልቻ ወይዘሮ ፍየልን አስጠራ። «እሜቴ፣ እኔ እኮ አማከርኩ እንጂ ለቀቅሁ አላልኩም። ያስመልሱኝ፤ ሲመሽ ጅብ አለ።»

ፍየሊቱ ከልቧ አዘነች። «ልጄ፣ ተሸኝተህ እንዴት ትመለሳለህ? አልቅሰንልህ? ነገ ሌላውን ስንሸኝ ማን ያምነናል?»

«ውሃውንስ ማን ያመጣል?»

«ስለሱ ስብሰባ ተጠርቷል» አለችና በሩን ዘጋችው።

ዳልቻ ወደ ኮረብታው ተመለሰ። ቀርከሃ በጥርሱ ለመቁረጥ ቢታገል ጥርሱ ተነቃነቀ እንጂ ቀርከሃው አልተነቃነቀም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ወጣ።

«ዳልቻ፣ በገዛ ፈቃድህ ነው አሉ የለቀቅኸው?»

ዳልቻ እውነቱን ሊናገር አሰበ። ግን ለጅብም ቢሆን መናገሩ አሳፈረው።

«አዎ፣ በገዛ ፈቃዴ ነው።»

«ጎበዝ! ትናንት ሳትጠሩኝ መቅረታችሁ ግን ቅር አሰኝቶኛል። ስንት ዘመን የተዋወቅን ሰዎች! እንግዲህ እኔም በበኩሌ ልሸኝህ መጣሁ» አለ አያ ጅቦ፤ ጠጋ ብሎም ጉሮሮውን ጠረገ።

ዳልቻ ጆሮዎቹን ጣለ።

«እሺ አያ ጅቦ» አለ፤ «ብቻ አደራህን፣ ንግግር አታድርግ።»