ጠቋሚው ያስገባን ቤት

ሰው ለሌላው ከሚያድለው ምክር ጥቂቱን ለራሱ ቢያስቀር ኖሮ፣ እኔና መሰሎቼ በማናውቀው ሰው ሳሎን ተቀምጠን ባላፈርን ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ለአፍ ዳገት የለውም።

ተካልኝን ላስተዋውቃችሁ። ቴፒ ውስጥ ቡና በሚገዛ ድርጅት አብረን እንሠራ ነበር፤ እኔ መጋዘን፣ እሱ ኮምፒውተር ክፍል። አርፒጂ በሚባል ቋንቋ ፕሮግራም ይጽፋል። ቋንቋ ስላችሁ ተናጋሪ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ እሱና ማሽኑ ብቻ ይግባቡበታል። ምሳ ላይ ከያዘን ስለ «ጠቋሚ» ሳያስተምረን አይለቅም። ጠቋሚ ዕቃውን አይይዝም ይለናል፤ ዕቃው በማሽኑ ማህደረ ትውስታ ውስጥ የተቀመጠበትን አድራሻ ብቻ ነው የሚይዘው። ፕሮግራሙም ወደዚያ ሄዶ ያገኘውን ያነባል። ጣጣው ቦታው ተለቆ ለሌላ ሲሰጥ ነው። ጠቋሚው ወሬውን አልሰማም፤ ያንኑ የድሮውን ቦታ ያሳያል፤ ፕሮግራሙም የሌላውን ንብረት የራሱ አድርጎ ይወስደዋል። «ስለዚህ» ይላል ጣቱን ቀስሮ፣ «አድራሻ ከማመናችሁ በፊት አሁን ማን እንዳለበት አረጋግጡ።» እኛም ሽሯችንን እየጠቀለልን እሺ እንላለን።

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ አስቴር የምትባል የሚዛን ከተማ ልጅ የወደደው። ለሥልጠና ጅማ እንደሄደች ሽማግሌ ሁኑልኝ አለን። ቤታቸውን አንዴ በር ድረስ ሸኝቷት ያውቀዋል፦ ከገበያው በላይ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር፣ ደጃፉ ላይ የአቮካዶ ዛፍ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የድርጅታችንን አንደበተ ርቱዕ ሽማግሌ ጋሽ በላይን አስቀድመን ሚዛን ገባን። በሩም አረንጓዴ፣ አቮካዶውም አለ። አባወራው በክብር አስገቡን። ጋሽ በላይ ትልቅ ሰውን በስሙ አይጠሩም፤ በመጀመሪያ ቀን የሴት ልጅ ስም ማንሳትም ድፍረት ነው ባይ ናቸው። «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ቁጭ አሉ። መልሱን ለመስማት ለሌላ እሁድ ተቀጠርን።

በመሃል አስቴር ከጅማ ደወለች። እነ አባባ ቤት ማንም አልመጣም አለች። ቤት እንደለቀቁ ነግራው ነበር፤ ተካልኝም እሺ ብሏት ነበር። እሺ ሲል ግን ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነበር።

የማናውቀውን ሰው ልጅ ጠይቀን ነበር የመጣነው። ተካልኝ ምሳ ላይ ማስተማር አቆመ፤ ይህ ብቻ አልከፋንም። ስጋታችን ግን ቀላል አልነበረም። አባወራው እሺ ካሉስ? «የፈለግነው የእርስዎን ልጅ አይደለም» በምን አፍ ይባላል? ልጅቷስ ምን ይሰማታል?

በቀጠሮው እሁድ ጋሽ በላይ ይቅርታውን ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አባወራው ቀደሟቸው።

«ልጄን ጠየቅኋት» አሉ። «ስሜን ጠርተዋል ወይ አለችኝ። አልጠሩም አልኳት። እንግዲያው ቤታችንን እንጂ እኔን አልፈለጉም ብላ እንቢ ብላለች። አዝናለሁ።»

ባልፈለግናት ልጅ እንቢ ተባልን። እንዲህ ያለ የምሥራች ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ በላይ ግን ትንሽ ቅር ሳይላቸው አልቀረም። ከዚያ እውነቱን ዘረገፉት። አባወራው እስከ መጨረሻው ሰሙና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የአስቴርን አባት ያውቋቸዋል፤ ይህን ቤት የተከራዩት እነ አስቴር ሲለቁ ነው። ወደ ሸዋ ቤንች በሚያስወጣው መንገድ በኩል ተዛውረዋል አሉና፣ ኮታቸውን ደርበው እኔም ሽማግሌ እሆናለሁ ብለው መሩን።

አዲሱ ቤት ስንደርስ ጋሽ በላይ ወግ ልማዱን ሁሉ ረሱት። ገና ሳይቀመጡ የልጅቷን ስም ከነአባቷ ከነአያቷ ጠሩ፤ ደገሙት፤ ለማረጋገጫም «ጅማ ያለችው ናት አይደል?» አሉ። የአስቴር አባት ታግሰው አዳመጡ።

«ልጄንስ አውቃታለሁ» አሉ። «እስቲ የልጁን ስም ከነአያቱ ንገሩኝ።»

የተካልኝን አያት ስም የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። ልጅቷን ለማንኛውም ሰጡን፤ የአያቱን ስም ግን የሰማነው ሠርጉ ላይ ነው።