ደረት ላይ የቀረ ጉድጓድ

በመጀመሪያ ይቅርታ። እኔ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከወሎ መጥተን በሰፈርንበት መንደር፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ዛሬም ረጅም ቃል ሲመጣብኝ ዳገት እንዳየች አህያ ቀጥ እላለሁ። ሰው ፊት ቀና ብላ ለማውራት የማትደፍር ሴት እስክሪብቶ መያዟ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ንዴት ልብ ይሰጣል፤ እኔም የምጽፈው ተናድጄ ነው። ብሳሳት በንዴቱ ያዙልኝ።

አንድ ነገር ሳልፈራ እናገራለሁ። የትም አገር ሂዱ፣ ለከተማው ውሃ ሳይገባ፣ መብራት ሳይገባ፣ አንድ «እንበል» የሚል ሰው ቀድሞ ይገባለታል። እኛ አሶሳ ላይ ክልል ስድስት የተባልን ሰሞን፣ ታፔላው ቀድሞ ወንበሩ ኋላ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። እንበል ባዩ ግን ከታፔላውም ቀድሞ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ጠበቀን።

የኛው ክቡር መምህር ይልቃል ይባላሉ። ከጎጃም ተመድበው የመጡ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው። እኔ በልቤ «ሊቀ እንበል» ብያቸዋለሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ ቤት ዘሎ የተቆለፈ። እሳቸው እንደ ሰው «እንደምን አደርሽ» ብለው አያልፉም።

«እትዬ ጸሐይነሽ፣ እንደምን አደርሽ? ግን እንበል፣ ሌሊት የሚባል ነገር በሌለበት ዓለም ብትኖሪ፣ እንደምን አደርሽ ይባላል?»

ምን እላለሁ? «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ።

አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ግቢው የሚፍታህ ነው፤ ሱዳን ድንበር ኩርሙክ እየተመላለሰ ሳሙናና ሽቶ የሚነግድ የበርታ ልጅ። ሌላው ተከራይ ኦሊያድ ከወለጋ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ ይመስላል፣ ክርክር እስኪነሳ። እኔ ለደሞዝተኛ ምግብ ሠርቼ የማድር ሴት ነኝ። ያለ ውሃ ወጥ የሚሠራ ሰው ካለ ያስተምረኝ። ግቢያችን ውሃ የለውም። ምንጩ ቁልቁል ወርዶ ነው፤ ሲወርዱ ጀሪካን ይዞ፣ ሲወጡ በጀሪካን ተይዞ ነው።

በዚያ በጋ እግሬ ከዳኝና ከነውሃዬ ተንከባለልኩ። ጉልበቴ ተገሸለጠ። መምህር ይልቃል ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ወድቄ አገኙኝ። ምንም ሳይሉ ወርደው፣ የፈሰሰውን እንደገና ቀድተው፣ ጀሪካኑን በትከሻቸው ይዘውልኝ ወጡ። ግቢ ሲደርሱ አስቀመጡትና እጃቸውን አንስተው ማሉ።

«ስሚኝ እትዬ ጸሐይነሽ! ዝናብ ሳይገባ ከዚሁ ግቢ ውሃ ካላወጣሁልሽ እኔ ይልቃል አይደለሁም!»

ያናደደኝም ይኸው መሐላ ነው። ባይምሉ ኖሮ ለምን እናደድ ነበር?

የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈረው በበጋ ነው። ዝናብ ከገባ አፈሩ ይናዳል፤ ይህን እንኳን የፊዚክስ አስተማሪ፣ ፍየልም ታውቀዋለች። ሦስቱ ወንዶች ዶማና አካፋ ተዋሱና ጀመሩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ ጉልበት ወረዱ። በሚቀጥለው እስከ ወገብ። ከዚያ እስከ ደረት። እኔ በደስታ ለውዝ ቆላሁ፣ ማንጎ አጥቤ አቀረብኩ።

ከዚያ ቪዲዮ ቤት ሄዱ። ምነው እግራቸውን በሰበረው!

ከገበያው ኋላ ጄኔሬተር እያስጮኸ ፊልም የሚያሳይ ቤት ነበረ። ካሴቱን ያመጣው ሚፍታህ ነው። ከሥሩ በአረብኛ ይጻፍበታል፣ እሱ እያነበበ ለሰዉ ጮክ ብሎ ይተረጉማል። እንደነገሩኝ አንድ ፈረንጅ መሬትን ከዚህ እስከ ወዲያኛው ጫፍ በመኪና ይበሳና ራሱ ይገባበታል። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ልክ መሬት መሀል ሲደርስ ጄኔሬተሩ ጠፋ። ሲያስነሱት ካሴቱ ተጣብቆ ተበጠሰ። ፈረንጁ እዚያው ቀረ። የኔም ጉድጓድ አብሮት ቀረ።

በማግስቱ መምህር ይልቃል ጉድጓዱ ውስጥ ወረዱ። ዶማውን ከፍ አድርገው አነሱና አየር ላይ አቆሙት።

«እንበል» አሉ።

ዶማው ያን ቀን አልወረደም።

«እንበል ይህን ጉድጓድ ሳናቆም ቆፈርነው። በወዲያ በኩል ተከፈተ። እኔ አሁን ዘልዬ ብገባበት በዚያ በኩል የምወጣው በእግሬ ነው በጭንቅላቴ?»

«በእግርህ» አለ ኦሊያድ አካፋውን ጥሎ። «በእግሩ የገባ በእግሩ ይወጣል።»

«ወላሂ አይወጣም!» አለ ሚፍታህ። «መሀል ላይ ይቆማል። ሰው ወደ ላይ ይወድቃል እንዴ? መሬት ራሱ ይይዘዋል፣ ኸላስ!»

«አይቆምም ሚፍታህ! ፍጥነቱስ? ያን ሁሉ ፍጥነት የት ያደርገዋል?» አሉ መምህሩ።

«ፍጥነት ማን ሰጠው?»

«ስበት ነዋ!»

«ስበት መሀል ላይ የለም ብለሃል! ትናንት አንተ ራሱ ነው ያልከው!»

«ያ ዋቃ!» ይላል ኦሊያድ ራሱን ይዞ። «ታዲያ ሰውየው እስከ መቼ ሊዋልል ነው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጉድጓዱ ጉባኤ ቤት ሆነ። እግራቸውን ወደ ውስጥ አንጠልጥለው ይቀመጣሉ። ማንጎዬን ይመጥጡና ፍሬውን ወደ ውስጥ ይጥላሉ፤ ጎንበስ ብለው አወዳደቁን ያያሉ። ደረት በማይሞላ ጉድጓድ ውስጥ የማንጎ ፍሬ የት ይሄዳል? እዚያው ነው ያለ! በሱም ይጣላሉ።

ጥያቄው ደግሞ ይወልዳል። ብርሃንን በሚያህል ፍጥነት በሚበር ብስክሌት ላይ ሆነህ ባትሪ ብታበራ መንገዱ ይታይሃል? ወደ ድሮ ተመልሶ አባቱ እናቱን ለመጠየቅ የላካቸውን ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ያስቀረ ልጅ ይወለዳል? «አይወለድም!» ይላሉ መምህሩ። «ካልተወለደ ሽማግሌዎቹን ማን አስቀራቸው?» ይላል ኦሊያድ። አንድ ቀን ደግሞ ሚፍታህ ድንገት ተነስቶ «ፀሐይ የማይጠልቅበት ኮከብ ላይ ሰው ቢኖር፣ ረመዳን ሲገባ መቼ ያፈጥራል?» አለ። ሦስቱም ሰማዩን አንጋጠው ማየት ጀመሩ። እኔ ያን ዕለት ወጥ አሳረርኩ። ያሳረርኩት ግን በንዴት ነው።

ምንጭ ስወርድ ደግሞ ዐዋጢፍ አለችልኝ። ጎረቤቴ ናት፣ ምላሷ ስለት ነው።

«ጸሐይነሽ! ጉድጓድ የት ደረሰ? መሬት በሥር በኩል ወጣ?»

ሴቶቹ ይንከተከታሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እቀዳለሁ። መልስ አጥቼ አይደለም። መልሱ ወደ አፌ የሚመጣው ግን ዳገቱን ጨርሼ ቤቴ ስገባ ነው። እዚያ ለድስቱ እነግረዋለሁ።

ግንቦት ገባ። ደመናው ከኩርሙክ በኩል እየጠቆረ መምጣት ጀመረ። መምህር ይልቃል ቀና ብለው ያዩትና «እንበል ደመና ክብደት የለውም…» ብለው ይቀጥላሉ። እኔ እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ አልፋቸዋለሁ፤ አፌ ግን አይከፈትም። የተማረ ሰው ናቸው፤ እኔ ማን ነኝ?

አንድ ከሰዓት ዳገቱ ላይ እንደገና ወደቅኩ። ያው ጉልበቴ፣ ያው ድንጋይ። ጀሪካኑ ተሰነጠቀ። ውሃው እያየሁት ቁልቁል ሄደ። የተሰነጠቀውን አንጠልጥዬ እያነከስኩ ግቢ ስገባ፣ ሦስቱ እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ አንጠልጥለዋል። ፈረንጁ አሁንም መሬት መሀል ነው።

«አንተ!» አልኩ።

ለመምህሩ! አንቱ ስል የኖርኩት ሴት! ድምፁ የኔ አልመሰለኝም።

«እንበል! እስቲ እንበል! እንበል እኔ ዛሬ ዳገቱ ላይ ሞትኩ። እዚህ ልትቀብሩኝ ነው? አቁማችሁ ብትቀብሩኝ ጭንቅላቴ ውጭ ይቀራል! አስተኝታችሁ እንዳትቀብሩኝ እግሬ አይዘረጋም! ለሬሳ እንኳ የማይሆን ጉድጓድ! በምላስ የሚቆፈር ቢሆን እስካሁን ውሃው ገንፍሎ ሁላችንንም ጠርጎን ነበር!»

ጀሪካኑን ወረወርኩት። ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። አወዳደቁን ያየ የለም።

ሚፍታህ «አስተግፊሩላህ» አለ ቀስ ብሎ። ኦሊያድ ጫማውን ያያል። መምህር ይልቃል አፋቸውን ከፈቱ፣ «እን…» አሉና መልሰው ገጠሙት። ከዚያ ዘለው ገቡ። ቆፈሩ። እንዲህ ሲቆፍሩ አይቻቸው አላውቅም፤ አፈሩ ከጉድጓዱ እየተተፋ ይወጣል፣ ሁለቱ መጥረግ አልቻሉም። እስከ አንገት ደረሱ። አፈሩ እርጥብ ሆነ። «እርጥብ ነው!» ብለው ከውስጥ ጮሁ። እኔም ጉልበቴን ረስቼ ተጠጋሁ።

ዝናቡ ያኔ ወረደ። እንደ አሶሳ ዝናብ፣ ሳያስጠነቅቅ። የጉድጓዱ አንድ ጎን ከነማንጎ ፍሬው ተንዶ መምህሩን እስከ ደረታቸው ዋጣቸው።

ጀሪካን የማዝልበትን ገመድ አምጥቼ ወረወርኩ። «ብብትዎ ሥር ይሰሩት! ብብትዎ ሥር!» እያልኩ ጮህኩ። ሦስታችን ጎተትን። ጭቃው አይለቅም። ሚፍታህ በአረብኛ ይጸልያል፣ ኦሊያድ በኦሮምኛ፣ እኔ ሚካኤልን እጠራለሁ። በኋላ እንደ ጥርስ ተነቅለው ወጡ። ጉድጓዱ አንድ ጫማቸውንና የሰው አካፋ አስቀረ። ዛሬ እዚያ ቦታ ማንጎ በቅሎበታል፤ ውሃ የለም።

ጭቃው ላይ ተቀመጡ። እኔ ጠበቅኩ። አሁን «እንበል ጫማዬ መውረዱን ቢቀጥል» ይላሉ ብዬ፣ ካሉ በገመዱ ልመታቸው ተዘጋጅቼ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እትዬ ጸሐይነሽ» አሉ ብቻ። ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ያን ምሽት እራት የቀመሰ አልነበረም። ሚፍታህና ኦሊያድ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አንዱም ነገር አላነሳ። ግቢው ሰው የሞተበት መሰለ። በጋውን ሙሉ ዝም በሉልኝ ብዬ ስሳል የከረምኩት ሴት፣ ዝም ሲሉልኝ ሽንኩርት መክተፍ አቃተኝ። ይህም አናደደኝ።

በማግስቱ ጠዋት የሚፍታህን ጀሪካን ተውሼ የመምህሩን በር አንኳኳሁ። አንድ እግራቸው በጫማ፣ አንዱ ባዶውን ወጡ። ዓይናቸው መሬት ላይ ነው።

«መምህር» አልኩ። «እንበል…»

ቀና አሉ።

«እንበል ያ መሬት መሀል የቀረው ፈረንጅ ውሃ ጠማው። ማን ይቀዳለታል?»

ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። «ቆይ… ቆይ እስቲ… እዚያ እኮ ውሃው ክብደት የለውም! ከጀሪካኑ አይፈስም! ታዲያ በምን ይጠጣዋል? እትዬ ጸሐይነሽ፣ ይህን ጥያቄ ማን ነው የ…»

ጀሪካኑን አስያዝኳቸው።

«እያሰቡ ይውረዱ» አልኩ።

ወረዱ። ባንድ ጫማ እያነከሱ፣ በነጻ እጃቸው አየሩን እየቆፈሩ። መንገዱ መሀል ላይ ዞሩና «ግን እንበል ጀሪካኑ ራሱ…» ብለው ጮሁ።

«ይውረዱ!» አልኩ። ምንጩ ድረስ ተሰምቷል መሰለኝ፣ ከታች የዐዋጢፍ ሳቅ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የሷው ድምፅ፣ «አይሆንም መምህር! ውሃ ራሱ ወደ አፍ አይመጣም!» ሲል ሰማሁ።

ገብቼ ሽንኩርቴን መክተፍ ጀመርኩ። በሩን ግን ክፍት ተውኩት።