ጋሽ ጂብሪል ዝም ያሉ ዕለት

እድርም ይሁን የወላጆች ስብሰባ፣ ሽምግልናም ይሁን የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ጉባኤ፣ በአገራችን ሰው ተሰብስቦ «ባጭሩ» ባይ ያልተገኘበት ቦታ የለም። እጁን ያወጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «ሰዓታችሁን አልሻማም፤ ባጭሩ ነው» ይላል። ይህን የሰማ ልምድ ያለው ተሰብሳቢ የጫማውን ክር ላላ አድርጎ ይመቻቻል። መሽቷል ማለት ነው።

አዳማ ውስጥ፣ ከአንድ መጻሕፍት መደብር ጀርባ ባለች ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚገናኘው የንባብ ቡድንም ይህ ጸጋ አልተነፈገውም። ባለጸጋው ክቡር ጋሽ ጂብሪል ነበሩ። ወሎ ተወልደው አዳማ ያረጁ፣ ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መንገድ ላይ የፈጁ፣ አሁን መሪውን ለልጆቻቸው አስረክበው መጽሐፍ የጨበጡ የከባድ መኪና ሰው ናቸው። መጽሐፉ የትም አገር ይጻፍ፣ ጋሽ ጂብሪል አዙረው አዙረው መተሐራ ያደርሱታል። የፍቅር ታሪክ ከሆነ አዋሽ ላይ ጎማ የፈነዳባቸው ዕለት ያዩዋት ሻይ ሻጭ ትነሳለች። የወንጀል ታሪክ ከሆነ ሚሌ ላይ የጠፋው ሸራ ይነሳል። አንዴ የፍልስፍና መጽሐፍ ተመርጦ «እስቲ በዚህ በየት በኩል ይገባሉ?» ተብሎ ነበር። በፍሬን በኩል ገቡ። «ነፃ ፈቃድ የምትሉት ነገር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እስኪበጠስ ድረስ ነው» አሉና ቡድኑን ይዘው ቁልቁለቱን ሁሉ ወረዱ።

ሰብሳቢዋ መምህርት ገላኔ ያልሞከሩት ዘዴ የለም። አንድ ቅዳሜ በስልካቸው ደወል ሞልተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሰዓቱ ደርሶ ሲጮህ ጋሽ ጂብሪል «አንሺው ልጄ፣ አስቸኳይ ይሆናል» ብለው ወሬያቸውን ቀጠሉ።

በእሳቸው ወሬ ተማርራ የማታውቅ ሉብና ብቻ ነበረች። ሉብና በአንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ትንተባተባለች፤ ቃሉ አፏ ድረስ መጥቶ አልወጣም ይላታል። ደምና ሽንት መርማሪያቸውን አያናግሩም፤ ሥራዋን የወደደችውም አንድም በዚህ ነው። ቡድኑን ከተቀላቀለች ዓመት ቢያልፋትም ፈገግ ብላ መጥታ ፈገግ ብላ ከመሄድ በቀር አንድ አስተያየት ሰጥታ አታውቅም። ጋሽ ጂብሪል አንዴ አዋሽን ከተሻገሩ ማንም ወደ እሷ ዞሮ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» እንደማይላት ስለምታውቅ፣ በልቧ ረዥም ዕድሜ ትለምንላቸው ነበር።

ደንቡ ግን መጽሐፍ መምረጥና ውይይት መምራት በየተራ ነው። የሉብና ተራ ሲደርስ ሁሉም እንደ ወትሮው በፈገግታ ታልፈዋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን በቴሌግራም የአንድ መጽሐፍ ሽፋን ላከች። ለልጆች የተጻፈ፣ ከዳር እስከ ዳር በግጥም የተተረከ ልብ ወለድ ነው። የባንክ ሠራተኛው ኤባ የመገረም ምልክት ላከ። ጋሽ ጂብሪል የድምፅ መልእክት ላኩ። «ባጭሩ» ብሎ ይጀምራል፤ የት እንደሚያበቃ ያዳመጠ ሰው ስላልነበረ አልታወቀም።

መጽሐፉ ስለ አንዲት የጋሪ ነጂ ልጅ ነው። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ስሟን እንኳ ስትጠየቅ ትንተባተባለች፤ ለአባቷ ፈረስ ስታወራ ግን ቃሏ እንደ ውሃ ይፈስሳል። አንዳንዱ ገጽ ላይ ሦስት አራት መስመር አለ፤ አንዳንዱ ላይ አንዲት ቃል ብቻ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሙቀቱ ለጉድ ነው፤ ቬንቲሌተሩ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ያድላል። ጋሽ ጂብሪል ገና ሳይቀመጡ እጃቸውን አወጡ።

«ባጭሩ፣ ይህ መጽሐፍ ግማሹ ባዶ ነው። እኔ ከጅቡቲ ግማሽ ጭኜ ብመለስ ባለንብረቱ ዝም ይለኛል?»

ሁሉም ሳቀ፤ ሉብናም ሳቀች። መምህርት ገላኔ «ዛሬ ባለተራዋ ሉብና ናት» ሲሉ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

ሉብና መጽሐፉን ገለጠች። ለጋሽ ጂብሪል መልስ ነበራት። «ባ...» አለች። «ባ... ባ...»

ኤባ ደግ ልጅ ነው፤ ሰው ሲቸገር ማየት አይችልም። «ባህሪዋ?» አላት።

አይደለም ለማለት ራሷን ነቀነቀች። «ባ...»

«ባላገር?»

«ከከበደሽ እኔ ላንብብልሽ፣ የኔ ቆንጆ?» አሉ መምህርት ገላኔ።

ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ድፍረት በአንድ ጊዜ ሲሟጠጥ ሉብናን ታወቃት። ከዚህ ክፍል አሁን ከወጣች ተመልሳ እንደማትመጣ ታውቃለች። መጽሐፉን ልታጥፈው ስትል ጋሽ ጂብሪል እጃቸውን አነሱ። የተሰብሳቢው ሁሉ ወሽመጥ ቁርጥ አለ።

«ተዉአት» አሉ።

«እኔ እኮ ለማገዝ ብዬ ነው» አለ ኤባ።

«አውቃለሁ ልጄ። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከታመመች በኋላ ቃል የሚወጣት በመከራ ነበር። ልጆቹ ለማገዝ ይሽቀዳደማሉ። ‹ሻ...› ስትል ሻይ ይዘው ይመጣሉ፤ እሷ የፈለገችው ሻሿን ነው። ሳትፈልግ ስንት ሻይ ጠጣች መሰላችሁ!» ወደ ሉብና ዞሩ። «እኔ ቀጠሮ የለብኝም። በይ፣ በራስሽ ጊዜ።»

ከዚያም ያ ክፍል አይቶት የማያውቀው ነገር ሆነ፤ ጋሽ ጂብሪል ዝም አሉ። ሳያዝኑላት፣ ሳይቸኩሉባት፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ ወሬው እስኪቀጥል እንደሚጠብቅ ተራ አድማጭ ተቀመጡ።

«ባ... ባዶው» አለች ሉብና፤ «ባዶው የ... የልጅቷ ዝምታ ነው። ደ... ደራሲዋ አልዘለለችውም። ጻፈችው።»

ከዚያ ከመጽሐፉ አነበበች፤

ፈረሱ አልቸኮለም።
ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ
ቆመ።
እኔም ስሜን ነገርኩት።

እየተያዘች፣ እየቆመች፣ እንደገና እየተነሳች አነበበች። ስትጨርስ ኤባ የራሱን ቅጂ አገላብጦ «እኔ በአንድ ቁጭታ ነው የጨረስኩት። ለካ ባዶውን ሁሉ ዘልዬዋለሁ» አለ። መምህርት ገላኔ እጇን ያዝ አድርገው «ገለቶሚ፣ ሉብና» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኗት። ጋሽ ጂብሪልማ ለፈረሱ ያላቸውን አድናቆት ባጭሩ ሊገልጹ ተነሱ። ፀሐይ ስትጠልቅ ገና ሚሌ ነበሩ።

በሳምንቱ ወንበራቸው ባዶ ሆነ። ባቱ ከተማ ያለችው ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት ሄደዋል። ቡድኑ ከተመሠረተ ወዲህ ውይይቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ አለቀ። ይሁንና የሚነሳ ሰው ጠፋ። ሁሉም ተቀምጦ ቬንቲሌተሩን ያያል።

ሉብና ወጥታ ከባጃጆቹ ፈንጠር ብላ ቆመችና ስልኳን አወጣች። ለእናቷ እንኳ ጽፋ ነው የምትልከው፤ ደውላ አታውቅም። ስልክ ላይ ቃሉ ሲያዝባት ሰው «ሄሎ? ሄሎ? ኔትወርክ ነው» ብሎ ይዘጋባታል። ደወለች።

«ሉብና! ደህና ነሽ ልጄ?»

«ጋ...» አለች። ቀጥ አለባት።

ጋሽ ጂብሪል ሄሎ አላሉም። አልዘጉም። ከወዲያ በኩል አራስ ልጅ ሲያለቅስ፣ ሴቶች ሲሳሳቁ ይሰማል። እሳቸው ይጠብቃሉ።

«ጋ... ጋሽ ጂብሪል፣ እ... እንኳን ደስ አለዎት። ስብሰባው በ... በሰዓቱ አለቀ። ማናችንም አልወደድነውም። ቶሎ ይምጡልን።»